ቧንቧው ባዶ ሲሆን፦ የአንድ የጎጃም ሰፈር የውሃ ጉዳይ ጥናት

እኛ ሰፈር ውሃ መምጣቱ መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ቧንቧው ያፏጫል። ቀጥሎ ያስላል። ትንሽ አየር ይተፋል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይተፋል። ውሃው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐምሌ ውስጥ በአንድ እሑድ ማለዳ እንዲሁ ሆነ። ባለቤቴ ጀሪካን ይዛ ወጣች። የመጣው ውሃ ግን የጠላ ጉሽ ይመስላል። አንድ ብርጭቆ ቀዳችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከላይ ጠርቷል። ከታች ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል።

"ጠርቷል እኮ" አለችኝ።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹህ እንዳልሆነ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ግን ውሃ ካየን ስምንት ቀን ሆኖን ነበር። ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው። እንዲዘቅጥ ጠበቅን፣ ከላይ ከላዩ ቀዳን፣ ጠጣን። ልጆቹም ጠጡ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ እሑድ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ በሰፈራችን የሆነውን ይተርካል። ከተማዋ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ካሉት አንዷ ናት። ስሟን አልጠራም። የመሥሪያ ቤቱንም፣ የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ሰውን ለማጋለጥ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ሁሉ ቤት ይህ ነገር ሊገባ ስለሚችል ነው።

ውሃው ከየት ይነሳል፣ በየት ያልፋል

ጎጃም ውሃ የሌለው አገር አይደለም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ ብዙ ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሳል። ዓባይ አገሩን ዞሮት ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። ስለዚህ ሰው "በጎጃም ምን የውሃ ችግር አለ?" ቢል አይፈረድበትም። ግን የወንዝ ውሃ ሌላ፣ የቧንቧ ውሃ ሌላ ነው። የቧንቧ ውሃ መብራት ይፈልጋል። ፓምፕ፣ ታንከር፣ መስመር፣ መድኃኒት፣ ቀን ከሌት የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ቤት የሚገባው ውሃ ይለወጣል።

የእኛ ከተማ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ ይወጣል። በፓምፕ ኮረብታው ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋል። እዚያ ክሎሪን ይገባበታል። ከዚያ በራሱ ክብደት ቁልቁል ወደ ሰፈሮች ይወርዳል። ጥልቅ የከርሰ ምድር ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርም ንጹህ ነው፤ አፈርና ድንጋይ አጣርተውታል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ላይ ይመጣል።

ሰፈራችን የመስመሩ ጫፍ ነው። ከዋናው መንገድ በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ እንኖራለን። ፈረቃችን በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ነው። መብራት ሲጠፋ ስምንትም አስርም ቀን ይሆናል። ወደኛ የሚወርደው የብረት ቧንቧ የተቀበረው ሰፈሩ ላይ ገና ጥቂት ቤቶች በነበሩበት ጊዜ ነው። ኮብልስቶኑ የመጣው ኋላ ነው። ከኮብልስቶኑ ጋር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተሠራ። ቦዩ ሲቆፈር ቧንቧው መሬት ውስጥ መሆኑ ቀረና ቦዩ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ። ያነሳው ሰው የለም። መንገዱን የሚሠራው ሌላ፣ ውሃውን የሚያስተዳድረው ሌላ ነው። አዲስ ቤት የሠራ ሁሉ ደግሞ ከዚያው ቧንቧ ላይ ቀጭን መስመር እየጠለፈ በቦዩ ውስጥ ወደ ግቢው አስገባ። ቧንቧዎቹ እንደ ሐረግ ተጠላልፈው ነበር። በየቀኑ እያየናቸው ነው የምናልፈው።

ጎመኑ ነው ተባለ

ረቡዕ ዕለት ትንሿ ልጄ ታመመች። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሆዷን ያዘች፣ ተቅማጥ ጀመራት፣ ማታ ትኩሳት መጣ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወረፋው ላይ የማውቃቸው ፊቶች በዙብኝ። ታች ቤት ያሉት እታለም የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከሳቸው ቀጥሎ የሱቁ ባለቤት ሚስት አለች። ሁላችንም ከአንድ ሰፈር ነን።

ልጄ ላይ የተገኘው ጃርዲያ ነው። የእታለም የልጅ ልጅ "ታይፎይድ ሊሆን ይችላል" ተባለ። የሱቁ ልጅ ምንም አልተገኘበትም፣ ግን ተቅማጡ አልቆመም። ሁሉም ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ተሰጠው። ዚንኩ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ እናቶች ተቅማጡ ሲቆም ያቋርጡታልና ነርሷ ይህን ደጋግማ ነገረችን። ከዚያ ልትሸኘን ስትል ቆም አለችና ጠየቀችን።

"አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ነው የምትበጠብጡት። በምን ውሃ ነው የምትበጠብጡት ግን?"

እታለም ቀና አሉ። "በቧንቧ ውሃ ነዋ፣ ልጄ። በምን ልበጥብጥ?"

ነርሷ ያን ሰፈር ታውቀዋለች። እኛው ጋ ነው የተከራየችው። ዝም ብላ ካየችን በኋላ "አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ" አለች። ለልጆቻችን መድኃኒቱን የምንበጠብጥበት ውሃ ያው ያሳመማቸው ውሃ ሊሆን እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ። እስከዛሬ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

አርብ ዕለት እታለም ቤት ቡና ተፈላ። ሁሉም የየራሱን ምክንያት ተናገረ። አንዷ "ጎመኑ ነው፣ ክረምት የገበያ ጎመን እንዲህ ያደርጋል" አለች። ሌላዋ "የልጆቹ ጥርስ ነው" አለች። አንዱ ብርዱን አነሳ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ቤት ለቤት ማን እንደታመመ መጻፍ ጀመርኩ። በማግስቱ ከመንገዱ በላይ ያሉትንም ጠየቅኩ።

ዝርዝሩ ምንም አላሻማም። ከመንገዱ በታች ተቅማጥ ያልገባበት ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ከመንገዱ በላይ የታመመ ሰው ያለው ሁለት ቤት ብቻ ነው። ገበያችን አንድ ነው። ጎመኑ አንድ ነው፣ ወፍጮ ቤቱም አንድ ነው። ልጆቹ የሚጫወቱት አብረው ነው። የሚለየን የምንቀዳበት መስመር ብቻ ነው። ከታች ካሉት ውስጥ ደግሞ አንድም ሰው ካልታመመባቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ የነርሷ ነው። እሷ የቧንቧ ውሃ ሳታፈላ አትጠጣም።

ነጩ ጽዋ

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አብሮ አደጌ አለ። ክሎሪን መለኪያ አውሶኝ መጣ። ትንሽ ሳጥን ነች። ጽዋው ውስጥ ውሃ ትሞላለህ፣ ዲ.ፒ.ዲ የምትባለዋን እንክብል ትጨምራለህ፣ ትነቀንቃለህ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ ብዙ ነው። ቀለሙን ከጎን ካለው መለኪያ ጋር ታስተያያለህ።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንዲህ ይላል። ክሎሪን ከተጨመረ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ነጻ ክሎሪን መቅረት አለበት። ሰው የሚቀዳበት ቧንቧ ላይ ደግሞ ከ0.2 ማነስ የለበትም። ይህ የሚቀረው ክሎሪን ዘበኛ ነው። ውሃው ታንከር ውስጥ ከጸዳ በኋላ መንገድ ላይ የሚገጥመውን ጀርም የሚገድለው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ፈረቃ ቀን ሦስት ቦታ ለካን። ታንከሩ ጋ ያለው ውሃ ደማቅ ሮዝ ሆነ፣ ከ0.5 በላይ። ከመንገዱ በላይ ያለው ቧንቧ ላይ ቀለሙ ቀነሰ፣ ግን አለ። ወደኛ ወረድን። የእታለምን ቧንቧ ከፍተን ጽዋውን ሞላን፣ እንክብሏን ጨመርን። አብሮ አደጌ ነቀነቀው። ጠበቅን። ውሃው እንደነበረ ቀረ። ሁለተኛ እንክብል አወጣ። ያው ነው።

"ምንም የለም" አለኝ። "ያለውን በልቶታል።"

ክሎሪን ቆሻሻ ሲያገኝ እሱን ሲገድል ራሱ ያልቃል። የዛገ ብረትም ይበላዋል። ቧንቧው ካረጀ ብቻውን ሊያሳንሰው ይችላል። ጭራሽ ዜሮ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ገብቷል ማለት ነበር። የጀርም ምርመራ ማድረግ ነበረብን። ለዚህ ናሙናው ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ፣ በበረዶ፣ ቢቻል በስድስት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ጠርሙሱ ውስጥ ታዮሰልፌት የሚባል ነገር አስቀድሞ ይጨመራል፤ ክሎሪኑን መንገድ ላይ እንዲያስቆመው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት መያዣዋን አዋሰችን። አምስት ጠርሙሶች አሰለፍን። አራቱ በጠዋቱ ሚኒባስ፣ አምስተኛው በማግስቱ ወደ ዞን ከተማ ሄዱ።

ላቦራቶሪ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትሩ ውሃ በስስ ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው ባክቴሪያ የሚያሳድግ ምግብ ላይ ተኝቶ 44 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያድራል። ከሰገራ የመጣ ባክቴሪያ ካለ በማግስቱ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ይቆጠራል። ለመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው ዜሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የኢትዮጵያ ደረጃም እዚህ ላይ አይለያዩም።

የታንከሩ ናሙና ዜሮ። የላይኛው ሰፈር ዜሮ። ከእኛ ሰፈር ውሃ እንደመጣ በመጀመሪያው ሰዓት የተቀዱት ሁለቱ "ለመቁጠር የበዛ" የሚል ተጻፈባቸው። ከዚያው ቧንቧ በማግስቱ የተቀዳው ጥቂት ነጠብጣብ ነበረው። ውሃው በፈሰሰ ቁጥር እየተሻለ ይሄዳል። ግን ልጆቹ የሚጠጡት ከመጀመሪያው ጀሪካን ነው። ሰው ውሃ ሲጠማው አንድ ቀን አይጠብቅም።

ቅጠሏ

ወረቀቱን ይዘን ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። እኔ፣ የዕድሩ ዳኛና እታለም ነን። ያናገረን ሰው በትሕትና ተቀበለን። ከመሳቢያው አንድ ውጤት አወጣ። የጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ ንጹህ መሆኑን ይናገራል። ማኅተም አለው።

እኔ ያ ወረቀት ውሸት ነው አላልኩም፣ አሁንም አልልም። ትክክል ነበር። ግን የተለካው ጉድጓዱ ነው። እኛ ከጉድጓዱ አንጠጣም። በእኔ ግምት በዚህ አገር ስለ ቧንቧ ውሃ የምንነጋገረው ብዙ ነገር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምንጩ ይመረመራል፣ ንጹህ ይባላል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ከምንጩ እስከ ብርጭቆው ያለውን መንገድ ማንም ባለቤት ሆኖ አይከተለውም። የከተማ ውሃ መለካት ያለበት በመጨረሻው ቧንቧ ነው። ጫፉ ላይ ደህና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከላዩም ደህና ነው።

እታለም በዚያ ቀን ብዙ አልተናገሩም። ሲወጡ ብቻ "ልጄ፣ እኛ ውሃ ቀጠነ ብለን የመጣን ሰዎች አይደለንም" አሉት። ሰውየው አንገቱን ደፋ። በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ ላከልን። ይህን ማድረግ አይገደድም ነበር። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

የቧንቧ ሠራተኛው ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው። መስመሩን ከመንገዱ ጀምሮ በእግሩ ተከተለው። እየቆመ ያዳምጣል፣ ጎንበስ ብሎ ይዳስሳል። ከእታለም አጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ቦዩ ውስጥ ቆመ። እዚያ መጋጠሚያው ላልቶ አንድ ሰው በብስክሌት ከመነዳሪ ጠፍሮታል። ላስቲኩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከሥሩ ውሃ እንደ ምንጭ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከላይ የጎርፉ ውሃ ይሄድበታል። ሽታውን መግለጽ አያስፈልግም። በክረምት ከላይ ያሉ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ሲሞሉ ወዴት እንደሚፈሱ ሁላችንም እናውቃለን።

"እየወጣ ስለሆነ አያስፈራም" አልኩት። "ንጹሁ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው እንጂ ቆሻሻው ወደ ውስጥ አልገባም።"

"አሁን አዎ" አለኝ። "አስር ሰዓት ይዘጋል። ቆይ ታያለህ።"

ቆየን። አስር ሰዓት ላይ ውሃ ከፋቹ ላይኛውን ቫልቭ መዝጋቱን ደውሎ ነገረው። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ቡልቅታው ዝቅ አለ። ከዚያ ቆመ። ከታች ያሉ ቤቶች ቧንቧቸውን ከፍተው የመጨረሻዋን ጠብታ እየቀዱ ነው፤ መስመሩ ቁልቁል እየተንጠፈጠፈ ነው። አንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል ከጎርፉ ጋር ስትወርድ መጣች። ላስቲኩ ጋ ስትደርስ ዞረች። ሄዳ ስንጥቁ ላይ ተለጠፈች። ሠራተኛው በጣቱ አነሳትና ራቅ አድርጎ ጣላት። ተመልሳ ሄደች። ተለጠፈች።

"ይኸው" አለኝ። "እየጠጣ ነው።"

ከዚያ በፊት ስንት ቀን በዚያ ቦይ አልፌያለሁ። ውሃ ያለበት ቧንቧ ቢያፈስም ወደ ውጭ ይገፋል። ባዶ የሆነ ቧንቧ ግን ይስባል። ለአምስት ቀን ውሃ የለም ማለት ለአምስት ቀን ቧንቧው በየስንጥቁ በዙሪያው ያለውን ይጠጣል ማለት ነው። በስድስተኛው ቀን ያ ሁሉ ተጠራርጎ ቤታችን ይገባል። ያ ቡናማ ውሃ ዝገት ብቻ አልነበረም። ሁለት ቤቶች ደግሞ በቀጥታ መስመሩ ላይ ፓምፕ ገጥመው ይስቡ ነበር። ውሃ ቶሎ እንዲሞላላቸው ነው እንጂ ክፋት አስበው አይደለም። ግን ፓምፑ ሲስብ በጎረቤት መስመር ላይ ባለው ስንጥቅ በኩል ቆሻሻውንም አብሮ ይስባል።

ጥገናው

የሆነው ሁሉ በአንድ ሳምንት አልተፈታም። መሥሪያ ቤቱ የፕላስቲክ ቧንቧ ነበረው፣ ለቁፋሮ ግን በጀት አልነበረውም። ቁፋሮውን እኛ ያዝነው። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ በደቦ ወጣን። ዕድሩ ከተጠባባቂ ገንዘቡ ለመገጣጠሚያ ዕቃ የሚሆን አወጣ። ዕድሩ ለቀብር እንጂ ለቧንቧ አይደለም ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ክርክሩ ሁለት እሑድ ወሰደ። መስመሩ ከቦዩ ወጥቶ በሌላኛው የመንገድ ዳር ተቀበረ። የየቤቱ ጠለፋ በአንድ በአንድ ተፈትሾ እንደገና ተገጠመ። ሁለቱ ፓምፖች ተነሱ፤ ባለቤቶቹ መጀመሪያ ሮቶ ሞልተው ከሮቶው እንዲስቡ ተስማሙ። አዲሱ ቧንቧ ከመከፈቱ በፊት ጠንከር ባለ ክሎሪን ተሞልቶ 24 ሰዓት ተዘግቶ አደረ፣ ከዚያ ታጥቦ ፈሰሰ። ይህን ደረጃ ብዙ ቦታ ይዘሉታል። ሠራተኛው ግን "እኔ ካልታጠበ አልከፍትም" ብሎ ድርቅ አለ።

የክሎሪኑም ነገር ታየ። ታንከሩ ላይ የሚጨመረው ኤች ቲ ኤች የሚሉት ዱቄት ነው። ኃይሉ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ለ100 ሜትር ኩብ ውሃ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ለማድረግ 150 ግራም ያህል ይበቃል፤ ሁለት የቡና ሲኒ አካባቢ ነው። ያን ያህል ትንሽ ነገር ነው አንድን ሰፈር የሚጠብቀው። ግን በርሜሉ ተከፍቶ የክረምት እርጥበት ሲገባው ዱቄቱ ይደክማል። በዓይን ሲታይ ያው ነጭ ዱቄት ነው። ሠራተኛው በልማድ በሚያውቀው መጠን ይጨምራል፣ ውጤቱ ግን ግማሽ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በርሜሉ ከመጋዘኑ መሬት ከፍ ብሎ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጣል።

ጥቅምት ላይ እንደገና ናሙና ላክን። የእታለም ቧንቧ ዜሮ አለ። ስሰማ በደስታ ጮህኩ።

ግን ነርሷ ተጨማሪ ሁለት ጠርሙሶች ሞልታ ልካ ነበር። ከቧንቧው ሳይሆን ከየቤቱ ጀሪካን የተቀዱ ናቸው። ሁለቱም ላይ ነጠብጣብ ወጣ። አንደኛው የእኔ ቤት ነው።

ጀሪካናችንን ወደ ፀሐይ አዙሬ በአፉ አየሁ። ግድግዳው ውስጥ አረንጓዴ ልጋግ ለብሷል። አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባም። ስንት ዓመት ሞልተን አፍስሰናል፣ ከውስጥ አጥበነው አናውቅም። በዚያ ላይ ልጆቹ ጆግ ነክረው ነው የሚቀዱት። እታለም መላውን ያውቁት ኖሯል። ጥቂት ጠጠርና ሳሙና ከተው ውሃ ጨምረው ክዳኑን ዘግተው ይንጡታል፤ ጠጠሩ ልጋጉን ይፍቀዋል። እናታቸው ቅሉን እንዲህ ነበር የሚያጥቡት። እኛ በረኪና ጨመርንበት። የሮቶዎቹም ነገር ያው ነበር፤ አንዱ ሥሩ ላይ የሞተ እንሽላሊት ተገኘ።

እናቶች በረኪና ለማጠቢያ ያውቁታል። ለመጠጥ ሲባል ግን ፈሩ። "መርዝ ልታጠጣን ነው?" ያሉኝ አሉ። ሽታውንም አይወዱትም፣ ቡና ያበላሻል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይሸታል። ግን ሰው የከተማ ውሃ ላይ ክሎሪን ሲጨምር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአሜሪካ ጀርሲ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው ያለማቋረጥ መጨመር የጀመረችው። ያሳየኋቸው እንዲህ ነው። ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ነቅንቆ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከሱቅ የገዛ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ያለውን መጠን ይከተላል። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ ይዘቅጣል፣ በንጹህ ነጠላ ይጠለላል፤ ጀርም ጭቃው ውስጥ ከክሎሪን ይደበቃልና። ቡናውን በተመለከተ ለእታለም ያልኳቸው አንድ ነገር ነው። ቡና ይፈላል፣ ስለዚህ ለጀበናው መድኃኒት ያልገባበትን ይጠቀሙ። ለልጆቹ ብርጭቆ ግን አይሆንም።

ጃርዲያ ላይ ክሎሪን ጠንካራ አይደለም። ለዚህ ማፍላት ይሻላል። እኛ ያለንበት ከፍታ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል እንጂ 100 አይደርስም። ያም ሆኖ ይበቃል፤ ፈልቶ ሲገነፍል ሦስት ደቂቃ መተው ነው። ችግሩ ማገዶው ነው። ከሰል በተወደደበት ጊዜ አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ በየቀኑ ውሃ አፍሉ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ስለዚህ ለትንንሾቹና ለታመመ ሰው እናፈላለን፣ ለሌላው ክሎሪን ነው።

ደብተሩ

ፈረቃው አልቀረም። ቧንቧው አሁንም ለቀናት ባዶ ይሆናል። አዲሱ መስመር ቦይ ውስጥ አይደለም እንጂ ወደፊት የት እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ የለም። ውሃ ቀን ከሌት ቧንቧውን ሞልቶ ካልቆመ ይህ ስጋት አይነቀልም። ለዚህ ነው መብራቱ ለፓምፑ እንዲቀጥል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዲኖረው በየስብሰባው የምጨቀጭቀው። ውሃ በዛ ወይ አነሰ ከሚለው በላይ፣ መቆራረጡ ራሱ በሽታ ያመጣል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ኮሌራ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ያንን ሐምሌ አስታወሰ። ያን ሳምንት በረኪና ከሱቅ አለቀ።

አብሮ አደጌ መለኪያዋን አልወሰዳትም። እንክብሎቿን ዕድሩ ይገዛል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ውሃ በመጣ ቁጥር እታለም ግቢ ትሄድና የመስመሩን የመጨረሻ ቧንቧ ትለካለች። ያየችውን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ቁጥሩ ከ0.2 ሲወርድ ወይ ጽዋው ነጭ ሆኖ ሲቀር ለውሃ ከፋቹ ትደውላለች። ደብተሩ አሁን ሁለተኛው ነው። ባለፈው ያየሁት ገጽ እንዲህ ይላል።

"ረቡዕ። ውሃ ከመጣ አንድ ሰዓት። ቀለም የለም። ደውያለሁ። ዱቄት አልቋል ተባለ።

ሐሙስ። ቀለም የለም። ለሁሉም ቤት ነግሬያለሁ፣ አፍሉ ብዬ። እታለም ቀድመው ሰምተዋል።

ቅዳሜ። ፈዛዛ ሮዝ። 0.2።"